ቴክዊን ለበግ ሰላም ያላለበት ቀን

የሰፈራችን ጋዜጣ በየወሩ የአንድ ጎረቤት ታሪክ ያወጣል። የዚህን ወር ስለ ቴክዊን አንቺ ጻፊ አሉኝ። እኔ ኤይራ ነኝ፤ እንግዳ ማረፊያው ቤት አንሶላ የማጥበው። ከዕቃ መግዣ ወረቀት በላይ ጽፌ አላውቅም። እምቢ ለማለት ደግሞ አፍ ያስፈልጋል፣ እሱም የለኝም። እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ እንግዲህ፤ የተጣመመ ካለ አንባቢ ያቃናው።

ቴክዊንን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ግን በቅርቡ ወደ ሐይቁ የመጡ ሰዎችም ያነቡታል ስለተባለ ከሥሩ ልጀምር። ቴክዊን ዕድሜውን በሙሉ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮው ትልልቅ። እኔንም ልጅ ሆኜ ነድቶኛል። ሌሎች ልጆች ሲሳፈሩ ይጮሃሉ፣ እኔ ዝም ብዬ እገባለሁ፣ እሱ ግን ዝም ያልኩትንም «እንዴት አደርሽ እመቤት ኤይራ» ይለኝ ነበር። የስድስት ዓመት ልጅን እመቤት ማለት!

ሰላምታ በሽታው ነው። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። በር ሲከፈትለት በሩን ያመሰግናል። ከፖስታ ሳጥን ጋር ሲጋጭ ይቅርታ ይጠይቃል። አውቶቡሱን ማታ አቁሞ ሲወርድ «ደህና እደር» ይለው እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል። ሚስቱ ማርጌድ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ይህ ሰውዬ ሲሞት መጀመሪያ ሳጥኑን የሠራውን አናጢ አመስግኖ ነው የሚገባበት» ትል ነበር። እሷ ቀደመችው። በቀብሯ ላይ ቴክዊን ዝናቡን ሳይቀር ስለመጣ ያመሰገነ ነው የመሰለኝ።

አሁን ወደ በጓ ልግባ፤ የእሷን ሳልነግራችሁ ቀሪው አይገባችሁም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የጸሎት ቤታችን ሰዎች በበጋ ከሐይቁ በላይ ያለውን ተራራ ወጣን። በየዓመቱ እንወጣለን። ያን ዕለት ጫፉ አካባቢ ጭጋግ ወረደ። ሰው የራሱን ጫማ አያይም። ቴክዊን ከፊት ነበር። ፓስተራችን ያን ሰሞን ደረታቸውን ያማቸው ስለነበር እየሳሉ ከኋላ ቀርተዋል፤ ቴክዊን ግን ወደፊት ያለፉ መስሎታል። በግ ስትስል ሰምታችሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ልክ ዕድሜውን ሙሉ ፒፓ ያጨሰ ሽማግሌ ነው የሚመስለው። ጭጋጉ ውስጥ ሳል ሰማን። ቀጥሎ የቴክዊንን ድምፅ ሰማን።

«እንደምን ዋሉ ፓስተር! ሳሉ አልተሻለዎትም ማለት ነው?»

ሳል።

«ይማርዎት። ሚስትዎስ እንዴት ዋሉ? የእንጆሪው ማርማላታ ደርሷቸዋል?»

ሳል።

«ኧረ እንዲህ ሆነው ወዲያ አይሂዱ። ክንድዎን ይስጡኝ።»

ነፋስ መጣና ጭጋጉን ገፈፈው። ሠላሳ የምንሆን ሰዎች፣ ፓስተሩ ራሳቸው በመካከላችን፣ ቴክዊን አጎንብሶ ለአንዲት አሮጊት በግ ክንዱን ሲዘረጋ አየነው። በጓ ታመነዥካለች።

በኛ አገር ግማሹ ሰው ጆንስ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ሮበርትስ። ስለዚህ ሰው የሚታወቀው በወጣለት ስም ነው። ዓሣና ድንች የምትጠብሰው ኔስታ «ኔስታ ድንች» ናት። ማገዶ ሲሸጥ የኖረው ኢድዋል «ኢድዋል ፍልጥ» ነው። ቴክዊንም ከዚያች ቀን ጀምሮ «ቴክዊን እንደምን-ዋሉ» ሆኖ ቀረ። ክፋቱ፣ ሰው ከምሳ በኋላ «እንደምን ዋልክ» ብሎ ከልቡ ሰላም ሲለውም፣ ይሳቅበት አይሳቅበት አያውቅም። ይቀላል። ጆሮው ሁሉ ይቀላል። ቀስ በቀስ ጉዳዩን ሁሉ ጠዋት ጠዋት ጨርሶ ቤቱ መግባት ጀመረ።

ዘንድሮ ደግሞ ልጁ ሎዌሪ ልታገባ ሆነ። ሙሽራው ጥሩ ልጅ ነው፣ ከደቡብ ከካርዲፍ ከተማ ነው። ወላጆቹ አቶ ቤኖንና ሚስታቸው አንድ ጊዜ ቴክዊን ቤት ለሻይ መጥተው ነበር። ወይዘሮ ቤኖን ለጨዋታ ብለው፣ «እናንተ የሰሜን ሰዎች ከበግ ጋር ታወራላችሁ ይባላል፣ እውነት ነው እንዴ?» አሉት። ሎዌሪ እንደነገረችኝ አባቷ ሻዩ ትን ብሎት ከወንበር ወርዷል።

በሠርጉ ላይ በእናቷ ፋንታ የሚናገረው ማን ይሁን ሲባል ሎዌሪ የእናቷን ወንድም መረጠች። የእናቷ ወንድም ኢድዋል ፍልጥ ነው። ከሐይቁ ዙሪያ ሰው ሁሉ ምላሱ የረዘመው እሱ።

ቴክዊን ኔስታ ሱቅ ውስጥ አገኘው፤ እኔም ራቴን ልወስድ ቆሜ ነበር።

«ኢድዋል፣ አንድ ነገር ልለምንህ ነበር፣ ካላስቸገርኩህ።»

«ገንዘብ ከሆነ የለኝም፤ ምክር ከሆነ ሞልቷል።»

«ሠርጉ ላይ የበጓን ነገር እንዳታነሳ።»

«የቷን በግ?»

«ኢድዋል!»

«አይ ወንድሜ፣ ንግግሬ እኮ ራሷ በጓ ናት! እሷን ካወጣህብኝ የሚቀረኝ ‹እንኳን ደስ አላችሁ› ብቻ ነው። ሳሉን ሁሉ ተለማምጄዋለሁ፣ ስማማ።» ድንች አፉ ውስጥ እንዳለ ሳለ። እውነትም በጓን ነው የመሰለው። ተራ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ።

ኔስታ ከመጥበሻው ኋላ ሆና፣ «ተው አንተ! የሰውዬው ፊት ከዓሣዬ ነጣ እኮ» አለችው።

«የሚሰሙህ የሎዌሪ አማቾች ናቸው» አለ ቴክዊን ቀስ ብሎ። «ዕድሜ ልኳን የበግ ወዳጅ ልጅ ሊሏት ነው። እኔን በሉኝ ግድ የለም።»

ኢድዋል ድንቹን ዋጠ። እኔ እንደማውቀው እህቱን ይወድ ነበር፣ ልጇንም ይወዳል። ግን ቀልድ ካገኘ እንደ ውሻ አጥንት አይለቅም። ሲያስብ ቆየና ዓይኑ በራ፤ ክፉ ነገር ሲመጣለት እንዲህ ነው የሚበራው።

«እሺ። ቅዳሜ ተራራ እንወጣለን አይደል? ከሐይቁ ተነስተን ተመልሰን ሐይቁ እስክንደርስ፣ ለአንዲት በግ እንኳን የሰላምታ ቃል ከአፍህ ካልወጣ፣ እኔ ያን ታሪክ ዕድሜዬን በሙሉ አላነሳም። ሠርግ ላይም፣ ቀብር ላይም፣ እዚህ ሱቅ ውስጥም።»

«ማልልኝ።»

«በእህቴ መቃብር።»

ኔስታ መጥበሻዋን ትታ ዞረች። ኢድዋል በማርጌድ ምሎ አያውቅም።

«ከወጣ ግን» አለ ጣቱን ቀስሮ፣ «ሳሉንም፣ ማርማላታውንም፣ ‹ክንድዎን ይስጡኝ› ያልከውንም እላለሁ። በጓንም በገመድ ስቤ አመጣታለሁ።»

«ዳኛውስ?» አለች ኔስታ። «እኔ አልሆንም፣ ገና ሳልጀምር እስቃለሁ።»

ኢድዋል ዞሮ አየኝ። «ኤይራ ትሁን። ኤይራ አትዋሽም። ለመዋሸት መጀመሪያ መናገር ያስፈልጋል።»

ሰው ሁሉ እንደገና ሳቀ። እኔ ድንቼን ያዝኩ። እንዲህ ሆኜ ዳኛ ሆንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ትንሿ ባቡር ከምትቆምበት ከሐይቁ ዳር ተገናኘን፤ አራታችንና የኢድዋል ውሻ ፍላች። ውሃው ጸጥ ብሎ ተራራውን ገልብጦ ያሳያል። ቴክዊን ኮፍያውን አድርጎ፣ ጫማውን አጥብቆ፣ ለፈተና ሊቀመጥ የሄደ ተማሪ መስሏል። ፍላች ሮጦ ሲመጣበት አጎንብሶ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው።

«ውሻ ይቆጠራል?» አለኝ።

«ውሻ የበግ ዘመድ ነው» አለ ኢድዋል።

«ፍላች ካንተ የተሻለ ሰው ነው» አለች ኔስታ። «ቴክዊን፣ ሰላም በለው፣ ሳትፈነዳ።»

እኔ ራሴን ነቀነቅኩ፤ ውሻ በግ አይደለም። ቴክዊን ውሻውን እንዴት አደርክ፣ እግርህ እንዴት ነው፣ ሌሊት ዝናቡ አስቸገረህ ወይ ብሎ ለሙሉ ቀኑ የሚበቃውን ጨረሰበት።

መጀመሪያው በር ላይ ደረስን። በሩ ተከፈተ። «አመሰግናለሁ» አለ ቴክዊን።

«ዳኛ!» ብሎ ጮኸ ኢድዋል።

በርም በግ አይደለም። ራሴን ነቀነቅኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው መስክ ነው ክፉው። ከድንጋይ አጥር እስከ ድንጋይ አጥር በግ ብቻ ነው፣ እና በጎቹ ቴክዊንን ያውቁታል። ከጡረታ ወዲህ በየቀኑ እዚያ ነው የሚንሸራሸረው፤ ከሁሉም ጋር ወሬ አለው። ሲያዩት ሳሩን ትተው ቀና አሉ። ከዚያ መጡ። ተከተሉት። አንዷማ ጆሮዋ የተሰነጠቀው ከጉልበቱ ጋር ተጠግታ ፊቱን ቀና ብላ እያየች ትሄዳለች፤ ምን አድርጌህ ነው የምትል ይመስል። ቴክዊን ከንፈሩን ነክሶ ሰማይ ሰማይ እያየ ይራመዳል። እግሩ ጭቃ ውስጥ ገባ። አሁንም ሰማይ ያያል።

«ኧረ ምስኪን!» አለ ኢድዋል ለበጓ። «ስድስት ወር ሰላም ሲልሽ ከርሞ ዛሬ ሀብታም ዘመድ ሊያገኝ ሲል ረሳሽ አይደል? የሰው ነገር እንዲህ ነው እህቴ።»

ቴክዊን መዝሙር ማንጎራጎር ጀመረ።

«በዜማ ሰላም ማለትም ይቆጠራል!»

«የጸሎት ቤቱን መዝሙር ነው የያዝከው» አለች ኔስታ ቴክዊንን ልታግዘው ብላ። «ቢያንስ ዜማውን አትግደለው።»

እንዲህ እያሉ ወጣን። ፈርን የሚባለው የዱር ቅጠል እስከ ወገብ ደርሷል፣ ከዚያ በላይ ተራራው ሐምራዊ አበባ ለብሷል። ወደታች ሐይቁ ረጅም ሆኖ ተኝቷል፣ ባቡሯ ጭስ እየለቀቀች ዳር ዳሩን ትሄዳለች። በአጥሩ ላይ በተሠራው የእንጨት መሰላል ስንሻገር ቴክዊን በጣም ሲያቃስት አየሁ። ኢድዋል ከኋላው ሆኖ በየማረፊያው ድንጋይ ቦርሳው ውስጥ ሲከትበት ነበር። እኔ አይቻለሁ። ዳኛ እንጂ ፖሊስ አይደለሁም ብዬ ዝም አልኩ።

ምሳ ከአንድ አጥር ሥር በላን። ኔስታ ዘቢብ ያለበትን ዳቦ ቅቤ ቀብታ አመጣች፤ አይብ ነበር፣ ከፔርሙስ ሻይ ተቀዳ። ቴክዊን ቦርሳውን ከፍቶ ሳንድዊቹን ሲፈልግ አምስት ድንጋይ አወጣ። አንድ በአንድ ሳሩ ላይ ደረደራቸው። እኛ ይቆጣል ብለን ጠበቅን።

«ኢድዋል፣ ጫፍ ላይ የወጣ ሁሉ ድንጋይ ለሚጨምርበት ክምር አስበህ ነው አይደል?» አለ። «አመሰግንሃለሁ። እኔ አንድ ብቻ ነበር ልወስድ ያሰብኩት።» መልሶም ከተታቸው።

ኢድዋል ይህ አልተመቸውም። ውሃ ሽንት ብሎ ተነሳና ከአጥሩ ኋላ ጠፋ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ የበግ ሳል መጣ።

ቴክዊን ሻይ የተቀዳበትን የፔርሙስ ክዳን እንደያዘ ደረቀ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «እ...» የሚል ነገር ሊወጣ ሲል፣ የኔስታን ዳቦ አንድ ሙሉ ቁራጭ አንስቶ አፉ ውስጥ ወተፈው። ጉንጩ እንደ እንቁራሪት ተነፋ። ሳሉ ቀጠለ። ጨመረ። ከዚያ ሳሉ ሌላ ሆነ፤ ማፏጨት፣ መታነቅ፣ መሬት በእግር መምታት።

«ኧ... እውነቴን... ነው! ትንኝ! ትንኝ... ገባ...»

«ቴክዊን እንዳትሄድ፣ ተንኮሉ ነው» አለች ኔስታ።

«እርዱኝ... እናንተ ሰዎች...»

በመጨረሻ ኔስታ አጥሩን ዞራ ጀርባውን በዓሣ ቆራጭ እጇ ስትደቃው ተሰማን። ኢድዋል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ተመለሰ። ቴክዊን አሁንም ዳቦውን እያኘከ ነው። ሲውጠው ያለው ምንድን ነው፣ «ይማርህ።» ኢድዋል ሰው ስለሆነ አልቆጠርኩበትም።

ጫፉ ላይ ቴክዊን ድንጋዮቹን ክምሩ ላይ አኖረ፣ ኢድዋልን ስለ እያንዳንዱ አመሰገነው። ወዲያው ጭጋግ ወረደ። ኢድዋል እጁን አፋተገ። «ይኸው ዳኛው ከላይ መጣ» አለ።

በሌላው ወገን መውረድ ጀመርን። ብዙ ሳንሄድ ኔስታ ረግረጉ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ሰጠመች። ኢድዋል ሊያወጣት ሲስባት አንድ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀረ።

«ጫማዬን!»

«እግርሽን ይዘሽ ተመስገን በዪ!»

«የልጄ ስጦታ ነው፣ ግባና አውጣው!»

«እናንተ ቀድማችሁ ሂዱ» አለን ኢድዋል እስከ ክርኑ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ «ኤይራ፣ ዓይንሽን ከእሱ ላይ እንዳታነሺ!»

እኔና ቴክዊን ቀጠልን። ጭጋጉ ወፍራም ነው፤ መንገዱን የምናውቀው አጥሩን በእጃችን እየዳሰስን ነው። ከፊታችን ከአጥሩ ሥር ነጭ ነገር ታየ። ክብ፣ ዝቅ ያለ። ቴክዊን ቆመ፣ ተነፈሰ፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረና ጭጭ ብሎ አለፈው።

«ጤና ይስጥልኝ እንኳን የለም?» አለ ነጩ ነገር። «ምን ዓይነት አገር ነው!»

ነጭ የዝናብ ልብስ የለበሰች ሴት ነበረች፤ እንግዳ፣ ተቀምጣ እንቁላል ትበላለች። ቴክዊን ላይ መብረቅ የወረደ መሰለ። በሕይወቱ ሰውን ሰላም ሳይል አልፎ አያውቅም። ሮጦ ተመለሰ፣ ኮፍያውን አውልቆ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤቴ! እጅግ ይቅርታ! በግ መስለውኝ ነው።»

«ምን?»

«ማለቴ፣ ከሩቅ። ማለቴ... ጥሩ በግ።»

ሴትዮዋ እንቁላሏን ጠቅልላ ተነሳች። ያን ያህል ፈጥኖ ተራራ የወጣ ሰው አላየሁም።

ቴክዊን ኮፍያውን መልሶ አደረገና ቀጠልን። አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ለልጄ ክብር ብዬ ባለጌ ሆኜ አረፍኩት» አለ፤ ለእኔ ይሁን ለአጥሩ አላወቅኩም። አሳዘነኝ። ልናገር ፈለግሁና ቃሉ እስኪመጣልኝ ብዙ ሄድን።

ያኔ ነው የሳለው። ከቀኛችን፣ ከጭጋጉ ውስጥ፣ በጣም ቅርብ። ከባድ፣ የቆየ፣ የሽማግሌ ሳል።

ቴክዊን ቆመ። አየኝ።

«ኤይራ፣ ሰው ነው በግ?»

ትከሻዬን ነቀነቅኩ። እውነቴን ነው፣ አላወቅኩም።

«በግ ከሆነ ሎዌሪ አለቀላት። ሰው ከሆነ ደግሞ... ሁለተኛ...»

ሳሉ እንደገና መጣ። የታማሚ ነገር ነው፣ የሚያሳዝን። የቴክዊን ግንባር ላበ። አንድ እግሩ ሊሄድ ይላል፣ ሌላው አይሄድም። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን እንደ ተሰፋ ኪስ ገጥሞ፣ ኮፍያውን አነሳ። ደረቱ ላይ አደረገው። ወደ ጭጋጉ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፤ ረጅም፣ ሙሉ፣ ለንጉሥ የሚሆን። ቃል ግን አልተናገረም።

ጭጋጉ ሳሳ። በግ ናት። ታመነዥካለች።

ቴክዊን እንዳጎነበሰ በጓን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ኮፍያው ደረቱ ላይ ነው። በጓም ታየኛለች። እኔ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ሆዴን ይዤ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ድምፅ አልወጣኝም፣ ሳቅ ሲይዘኝ ድምፅ የለኝም፤ ግን እንባዬ ወረደ። ቴክዊን ጠበቀኝ። ስጨርስ ኮፍያውን መልሶ አደረገ፣ መሐረቡንም ሰጠኝ። «እባክሽ አትንገሪ» እንኳን አላለኝም።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ጭጋጉ ከላያችን ቀርቷል። ኢድዋልና ኔስታ እስከ ወገባቸው ጭቃ ሆነው ደረሱ፤ ኔስታ በአንድ ጫማ።

«እህሳ ዳኛ!» አለ ኢድዋል።

ሦስቱም አዩኝ። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። ቴክዊን ወደ ውሃው ዞሯል፤ ጆሮው ግን ከኋላ ሲቀላ ይታያል። ምን ተባለ ውርርዱ ብዬ አሰብኩ። ኢድዋል ራሱ ያለውን ቃል በቃል አሰብኩት።

«ለበግ አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣችም» አልኩ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ኢድዋል ዓይኑን አጥብቦ አየኝ። «ቃል ብቻ ነው ወይስ...»

«ቃል ነው ያልከው ቃል ነው!» አለች ኔስታ። «እግሬ በርዷል። ማልክ፣ አለቀ፣ ዝጋ።»

ኢድዋል ይህን ሲያነብ ይነሳ ይሆናል። ይቀመጥ። እጅ መንሳት ቃል አይደለም።

ያኔ ግን ጭቃ በጭቃ የሆነ እጁን ለቴክዊን ዘረጋ። «እሺ። በማርጌድ ምያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ስለዚያች በግ አፌን አልከፍትም።» ቴክዊን እጁን ጨበጠው። ከዚያ ጫማውን እንዳደረገ ሁለት እርምጃ ውሃው ውስጥ ገባና ወደ ተራራው ዞሮ፣ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ «እንደምን ዋላችሁ!» ብሎ ጮኸ። ከመስኩ ተመለሰለት። በጎቹ ሁሉ ነበሩ የመለሱለት።

ሠርጉ በመስከረም ሐይቁ ዳር ባለው ሆቴል ሆነ። ኢድዋል በእህቱ ፋንታ ተነሳ። አየሩ ጥሩ እንደሆነ ተናገረ። ሎዌሪ ቆንጆ እንደሆነች ተናገረ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። «እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ ተቀመጠ። ሰው አጨበጨበ፤ ቀዝቃዛ ጭብጨባ። አቶ ቤኖን «አጭርና ግልጽ» አሉ ለደግነት። እኔ አዘንኩለት፣ እውነቴን ነው።

ከዚያ ቴክዊን ተነሳ። እንግዶቹን አመሰገነ፣ ወጥ ሠሪዎቹን አመሰገነ፣ ወንበሮቹን አመሰገነ። ሊቀመጥ ነው ስንል ብርጭቆውን አኖረ።

«አሁን ደግሞ» አለ፣ «ስለ ሚስቴ ወንድም አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እሱ ትሑት ስለሆነ ራሱ አይነግራችሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኢድዋል በጭጋግ ተራራ ሲወጣ ሳል ሰማ።»

የኢድዋል ሹካ ከእጁ ወደቀ።

ቴክዊን ሁሉንም ነገረው። ፓስተሩን፣ ማርማላታውን፣ «ክንድዎን ይስጡኝ» ያለውን፤ ያለው ግን ኢድዋል ነው። ሳሉንም ሳለ፣ ከኢድዋል በተሻለ ነው የሳለው። የእኛ ወገን ሰው በመጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ገባውና ጠረጴዛ መምታት ጀመረ። ሎዌሪ ፊቷን በቬሏ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ፓስተሩ ናፕኪናቸውን ነክሰዋል። ኢድዋል ብድግ ሲል ኔስታ ኮቱን ይዛ ጎተተችው።

«በማን መቃብር ነው የማልከው?»

«ግን እኮ እኔ...»

«ስለ በጓ አፌን አልከፍትም አላልክም? ቁጭ በል።»

ወይዘሮ ቤኖን ከሳቅ የተነሳ ዓይናቸውን እየጠረጉ ወደ ኢድዋል ዞሩ። «ውይ፣ እርስዎ ነዎት?»

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየው። ኢድዋል ወይዘሮዋን አየ። ሎዌሪን አየ፤ ልጅቷ ቬሏን ገልጣ እንደ እናቷ አድርጋ እየሳቀች ነው። ቴክዊንን አየ። ኔስታ የጎተተችውን ኮቱን አስተካከለ።

«ጭጋጉ ከባድ ነበር» አለ።

ወይዘሮ ቤኖን እጁን መታ መታ አደረጉት። «አይዞዎት፣ እኔም ድመቴን አማክራታለሁ» አሉት። ቴክዊን ከጠረጴዛው ማዶ ጎንበስ ብሎ፣ በሙሉ ጨዋነቱ፣ «ኢድዋል፣ ውሃ ላምጣልህ?» ብሎ ጠየቀው።

«አንተ ዝም በል» አለ ኢድዋል፣ ብርጭቆውን ግን ዘረጋለት።